አባቴ ቤዙን ያጣበት ሳምንት

አባቴ በዓለም ላይ ላሉ የቤዝ ጊታር ተጫዋቾች ሁሉ ደረጃ አውጥቶላቸው ነበር። ደረጃው ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ የተለጠፈው ደግሞ በቁም ሣጥኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል፣ ከእናቴ ቀሚሶች ጎን። እናቴ፣ «ልብስ ልቀይር ብዬ በከፈትኩ ቁጥር አስር ወንድ ያፈጥብኛል» እያለች ታማርር ነበር።

በእርሳስ የተጻፈው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ነው። ሦስተኛ የነበረው አንድ ቅዳሜ ወደ ስድስተኛ ይወርዳል፤ ስምንተኛው ሽቅብ ይወጣል። ላጲሱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

«በዓለም ላይ» ስል አባቴ የሚያውቃት ዓለም ማለቴ ነው። እሷም በሁለት ካርቶን ውስጥ ያለች ስልሳ ያህል ሸክላ ነበረች። ግማሹ ጃዝ ፊውዥን፣ ግማሹ ፕሮግረሲቭ ሮክ። እነዚህን ስሞች አስተካክዬ የጠራኋቸው ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ለእኔ ጃዙ «የአባዬ»፣ ሮኩ «የአጎቴ» ነበር። በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ የተጻፈውን የተጫዋቾች ስም አባቴ እየተንተባተበ ነበር የሚያነበው፤ ስለዚህ እሱና እኔ ሆነን ለሁሉም ቅጽል ስም አወጣንላቸው። «አልቃሻው» የጊታሩ አንገት ላይ ያሉትን የብረት መስመሮች አስነቅሎ ጣቱን በለስላሳው እንጨት ላይ ስለሚያንሸራትት፣ ቤዙ እንደ ሰው ያለቅሳል። «ባለ አውራ ጣቱ» ክሩን አይነካም፣ ይደበድበዋል። «ባለ መዶሻው» የአጎቴ ሰው ነው፤ ድምፁ ብረት ላይ እንደሚወርድ መዶሻ ጥርት ያለ። «ዝምተኛው» ደግሞ ሌሎቹ እንዳሻቸው ሲፈነጩ፣ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሁለት ወፍራም ድምፅ ብቻ እየደጋገመ የሚጠብቃቸው ነው።

«እሱ ምን ይሠራል እንዲህ?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«ቤት ይጠብቃል» አለኝ አባቴ።

ቤዝ ምን እንደሆነ ያስረዳኝም እሱ ነው፤ በሚያውቀው ቋንቋ። «ዘፋኙ ቀለሙ ነው፣ እሙ። ጊታሩ ጥሩንባው ነው። ቤዙ ግን ሞተሩ ነው። ቀለሙ የለቀቀ አውቶቡስ ስንት ዓመት ይሄዳል፤ ሞተር የሌለው ግን ቢያምር ምን ያደርግልሻል?»

አባቴ የከተማ አውቶቡሶች ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። በጋራዡም በሰፈሩም ስሙ «ሐኪሙ» ነው። ረጅም ካቻቢቴ ነበረው። ጫፉን ሞተሩ ላይ ይተክልና እጀታውን ከጆሮው ሥር፣ አገጩ አጥንት ላይ ያስደግፋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሁለተኛው ፒስተን» ወይም «የኋላ ግራ ኩሽኔታ» ይላል። ሲፈታ እንዳለው ነው። ለጥገና የገባ አውቶቡስ ሁሉ እሱ ሳያዳምጠውና ሳይፈርምበት ከግቢ አይወጣም ነበር። ሌሎቹ መካኒኮች እጀታውን ጆሯቸው ቀዳዳ ላይ እንደሚያደርጉ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሐኪምነቱን ይተዋል። ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሸክላ ያስቀምጥና ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ ሲሰማ አይቼው አላውቅም። ቁም ሣጥን የሚያህለውን ስፒከር ተደግፎ፣ ጀርባውን ከሣጥኑ እንጨት ጋር አጣብቆ ነው የሚሰማው። እኔም ከጎኑ ጀርባዬን እለጥፋለሁ። ቤዙ ሲገባ የጎድን አጥንቴ ይነዝረኛል፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ በእናቴ ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ጥርሳቸውን ያፋጫሉ።

«ገባሽ?» ይለኛል።

«ገባኝ።»

«የት ገባሽ?»

«እዚህ» እላለሁ ጎኔን እየነካሁ። ይስቃል።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ክርክር ይዞ ይመጣል። እሱ ሙዚቃ የሚሰማው ጠረጴዛ ላይ በጣቱ እየቆጠረ ነው። የሚወደውም ሰባት ሰባት፣ አስራ አንድ አስራ አንድ የሚቆጠረውን፣ ሰው ሊያጨበጭብበት ሲሞክር እጁ አየር ላይ የሚቀርበትን ነው።

«ጋሼ፣ ባለ መዶሻውን አምስተኛ ማድረግህ ግፍ ነው» አለ አንድ ቅዳሜ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ካየ በኋላ። «ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስራ ሦስት እየቆጠረ አንዴ እንኳን ያልተሳሳተ ሰው!»

«እንግዲያው ያንተ ትምህርት ቤት ይቀጠርና ፈተና ያርም።»

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሳቀች። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ባይገባኝም። አጎቴ የራሱን ሸክላ አስቀመጠና ጣቱን አነሳ፤ «እሺ፣ አሁን ስማ፤ ፍሉቱ ከላይ ሲገባ ባለ መዶሻው ምን እንደሚያደርግ ስማ።»

ሰማን። ፍሉቱ እንደ ዋሽንት ቀጥኖ ገባ።

«የቱ ፍሉት?» አለ አባቴ።

አጎቴ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ የአባቴን ፊት አየና የከፈተው አፉ ሳቅ ሳይወጣው ተዘጋ። ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ክር እንደተበጠሰበት ሰው መርፌዋ ላይ አጎነበሰች። እኔ አባቴ አጎቴን ሊያበሽቀው የተናገረው መስሎኝ፣ «የቱ ፍሉት! የቱ ፍሉት!» እያልኩ ቤቱን ዞርኩት።

*

ጩኸቱ የጀመረው በዚያው ሰሞን ይመስለኛል። እናቴ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች፤ ደንበኞቿ ልብስ ሲለኩ የምትላቸውን ለመስማት ጠጋ ይሉ ነበር። ያቺ ሴት መጮህ ጀመረች።

«ምሳ ቀርቧል እኮ ነው የምልህ!»

«አንተን ነው! አንተን!»

«ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ አይደል? ይሄን ነገር ዝጋና ስማኝ!»

አባቴ ዘወር ይልና፣ «ምን አጠፋሁ?» የሚል ፊት ያሳያታል። አንዳንዴ የጠየቀችው ሌላ፣ የሚመልስላት ሌላ ይሆናል። «ቧንቧው ያንጠባጥባል» ስትለው «ነገ እገዛለሁ» ይላታል። ይሄኔ እናቴ ሁለት እጇን አንስታ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

እኔ ይሄን ነገር አውቀው ነበር። ፍንጭቷ የምላት ጓደኛዬ ከእኛ ሁለት በር አልፋ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት እናትና አባቷ እንዲሁ ሲጯጯኹ ከርመው፣ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አባቷ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ፍንጭቷ በመምህር ቃና አስጠንቅቃኛለች፤ «መጀመሪያ ይጮሃሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ከዚያ ሻንጣ ነው።»

እና አንድ ቀን ከጓዳው መስኮት ሥር ተቀምጬ የትምህርት ቤት ጫማዬን ሳጥብ የእናቴንና የአጎቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ሐኪሙ በአፉ ነው የነገረኝ» አለች እናቴ። «ፊት ለፊት። መሄዱ አይቀርም አለኝ።»

«መቼ?»

«ዓመት። ቢበዛ ሁለት ዓመት። ከሄደ ደግሞ አይመለስም።»

«እሙስ ታውቃለች?» አላት አጎቴ።

«ምን ብዬ ልንገራት?»

«ጋራዥስ?»

«እነሱ ከሰሙማ አለቀልን። ለማንም እንዳትተነፍሺ ብሎ አስምሎኛል።»

ጫማዬን ከነሳሙናው ይዤ ቀረሁ። ሐኪሙ አባቴ ነው። ፊት ለፊት ነገራት። መሄዱ አይቀርም።

ዛሬ ያን ንግግር ሳስታውሰው፣ አንዲት ቃል እንኳን ሳትወድቅብኝ ሰምቼዋለሁ። የተሳሳትኩት በሰዎቹ ነው። እናቴ ያለችው ሐኪም ነጭ ጋዋን የለበሰ የጆሮ ሐኪም ነበር። መሄዱ አይቀርም የተባለው ደግሞ አባቴ ሳይሆን የአባቴ መስማት። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ሥር ያደረ ጆሮ ነው፤ ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ እየተዘጋበት ነበር። መጀመሪያ የወፍ፣ ከዚያ የፍሉት፣ ከዚያ የእናቴ። የቀረለት ወፍራሙ ነበር። እናቴ የምትጮኸው ተጣልታው አልነበረም፤ እንዲሰማት ነው።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ግን ይሄን አታውቅም። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ እናቷ የምትጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ሸክላው ሲጫወት ነው። ደጋግማም፣ «ይሄ ድምድምታ ልቤን አወለቀው!» ስትል ሰምታለች። ድምድምታው ማለት ቤዙ ነው። እንግዲህ ቤዙ ትንሽ ቢቀንስ እናቴ አትጮኽም፤ እናቴ ካልጮኸች አባቴ አይሄድም። አጎቴ የሚኮራብኝ የሒሳብ ተማሪ ነበርኩ፤ ሒሳቡ ልክ ነበር።

አምፕሊፋየሩ ላይ ሦስት ማዞሪያዎች ነበሩ። አንዱ ለጠቅላላው ድምፅ፣ አንዱ ለቀጭኑ፣ አንዱ ለወፍራሙ። የመጨረሻው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እስከ ጥግ የተጠመዘዘ ነው፤ ከአባቴ በቀር የሚነካው የለም። የት እንደደረሰ የምታሳየው ነጭ መስመር በጣቱ ብዛት ተፍቃ ጠፍታለች፤ ወደየት እንደዞረ በማየት አይታወቅም። ቅዳሜ ጠዋት፣ እሱ ሲታጠብ፣ ማዞሪያውን ይዤ ወደ ግራ አዞርኩት። ትንሽ ልቀንስ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ የሻንጣው ነገር ትዝ አለኝና እስኪቆም ድረስ አዞርኩት።

*

የዝምተኛውን ሸክላ ነበር ያስቀመጠው። መርፌውን አሳርፎ እንደ ልማዱ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ከሣጥኑ አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ሙዚቃው ተጀመረ። እኔ እሰማዋለሁ። ጥሩንባው አለ፣ የከበሮው ሳህን ይንሿሿል፣ ፒያኖው ከሩቅ ይንጠባጠባል። ሁሉም ቀጭን ሆኖ፣ በጎረቤት ሬዲዮ የሚመጣ ይመስላል እንጂ ሁሉም አለ። መስኮቱ ግን አልተንቀጠቀጠም። ጀርባዬን የለጠፍኩበት እንጨት እንጨት ብቻ ነበር።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። አንገቱን አዙሮ ሸክላውን አየ፤ ይዞራል። ተነሣና መርፌውን ቀረብ ብሎ አየው፤ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። ተመልሶ ተቀመጠ። እጁን ሣጥኑ ላይ ያሳርፈዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ሌላ ሰው ያመጣው ሞተር ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ይፈትሸው ነበር። ይሄን ግን አልፈተሸውም። ዛሬ ይገባኛል፤ ውጤቱን የሚፈራ ሰው አይፈትሽም።

«እሙ» አለኝ። «እየተጫወተ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በደንብ ይሰማሻል?»

«በደንብ።»

እውነቴን ነበር።

ራሴን ዳሰሰኝና እስከ ሸክላው ገጽ መጨረሻ ድረስ አብሮኝ ተቀመጠ። ጭንቅላቱን በምቱ ይነቀንቅ ነበር። በቃሉ የሚያውቀው ሙዚቃ ነው። ግን መነቅነቁ ከሙዚቃው እየቀደመ፣ እየቀደመ ሄደ፤ በመጨረሻ ሙዚቃው አልቆ እኔ ሳየው እሱ ገና ይነቀንቃል፤ ወይ ቀድሞ ጨርሶ ሌላ ጀምሯል። ለእኔ ሊያሥቀኝ የሚያደርገው መስሎኝ ሳቅሁለት። እሱም ሳቀልኝ።

እናቴ ከስፌቷ ብቅ ብላ፣ «ዛሬስ ጆሯችን አረፈ» አለች። አባቴ አላያትም። አልጮኸችም። ሒሳቤ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ።

እሁድ አልቃሻውን አስቀመጠ። አምስት ደቂቃም አልቆየ። መርፌውን አነሣና ሸክላውን በሁለት መዳፉ ይዞ ወደ ሽፋኑ መለሰው፤ የተኛ ሕፃን ይመስል። ካርቶኖቹን ወደ ጥግ ገፋቸው። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የደረጃውን ወረቀት ቀስ ብሎ ላጠው።

«ለምን አወጣኸው?» ብዬ በእጄ አመለከትኩ።

«ደከሙ» አለኝ። «ይረፉ።»

ያ ወረቀት ከጊዜ በኋላ እጄ ገብቷል። እርሳሱ የተፋቀበትን ሁሉ በብርሃን እያየሁ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ የወደቁት በቀጭኑ ክር ላይ የሚሮጡት ናቸው፤ ከዚያ ባለ መዶሻው፣ ከዚያ ባለ አውራ ጣቱ። በየሳምንቱ ሽቅብ ሲወጡ የነበሩት ወፍራሙን ድምፅ የሚጫወቱት ነበሩ። ከሦስት ወር በፊት ሰባተኛ የነበረው ዝምተኛው አንደኛ ሆኗል። እኔና አጎቴ የሙዚቃ ክርክር ብቻ ሲመስለን፣ እሱ በየቅዳሜው የጆሮውን ምርመራ እየጻፈ ነበር።

ያን እሁድ ግን ወረቀቱን ሲያወጣ ሳየው፣ ከቤዙና ከእኛ እኛን መረጠ ብዬ ነበር። ለፍንጭቷም ሮጬ ነገርኳት። «አይሄድም! ሙዚቃውን ተወው!»

ፍንጭቷ አሰብ አደረገችና፣ «አሁን ዝም ይላሉ?» አለችኝ።

ዝም ብለዋል። ሰኞም ዝም፣ ማክሰኞም ዝም። አባቴ ሲበላ ሣህኑን ያያል። እናቴ ታየዋለች፣ እኔን ታየኛለች፣ ምንም አትልም።

*

ረቡዕ ግማሽ ቀን ነበር የተማርነው። እቤት ደርሼ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ አባቴ በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። አባቴ በዚህ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ትከሻው ላይ ቀይ የቆርቆሮ ሣጥን ተሸክሟል፤ የመፍቻዎቹ ሣጥን ነው። ያ ሣጥን ከጋራዥ ወጥቶ አያውቅም። ረጅሙ ካቻቢቴ በክዳኑ ሥር ጫፉ ወጥቶ ይታያል።

አጠገቤ ሲደርስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሣጥኑን በሩ ሥር አስቀመጠና ወደ ውስጥ ገባ። ተከተልኩት። ወንበር ላይ ወጥቶ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አቧራ የለበሰውን ሻንጣ አወረደ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በደንብ አላስታውስም። እግሩን እንደያዝኩ አውቃለሁ። «አባዬ አትሂድ! አባዬ አትሂድ!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ ፊቴ ሱሪው ውስጥ ተቀብሯል። እሱ ግራ ገብቶት «ምንድነው? ምን ሆንሽ? ማን መታሽ?» ይላል። እኔ እጮኻለሁ፣ እሱ ይጠይቃል። በመጨረሻ ተንበርክኮ አገጬን በሁለት ጣቱ ቀና አደረገው።

«ፊትሽን አሳዪኝ» አለኝ። «ቀስ ብለሽ። አፍሽን ልየው።»

ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነበር። ያኔ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ባይገባኝም፣ ጩኸቴን ያቆምኩት።

«አትሂድ» አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

«የት?»

«እማዬ እንዳትጮህ ብዬ ነው። እኔ ነኝ ቤዙን ያጠፋሁት።»

«ምኑን?»

እጁን ያዝኩና ጎትቼ ወሰድኩት። አምፕሊፋየሩ ፊት አቆምኩት፣ ጣቱን ማዞሪያው ላይ አስቀመጥኩለት። እንደ ነካው ፊቱ ተለወጠ። እጁ ነው ያወቀው። ወደ ቀኝ አዞረው፤ ዞረ፤ ዞረ፤ መጨረሻው ሩቅ ነበር።

ከካርቶኑ ውስጥ ሳያይ አንዱን ሸክላ መዘዘ። የአጎቴ ሆኖ ተገኘ፤ ባለ መዶሻው። መርፌውን በችኮላ ሲያሳርፍ ሸክላው ጭርር አለ። ከዚያ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ብርጭቆዎቹ ጥርሳቸውን አፋጩ። አባቴ ሁለት መዳፉን ስፒከሩ ላይ አድርጎ፣ ግንባሩን በመካከላቸው አስደግፎ ቆመ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ መጣች። «ምንድነው? ምን ተፈጠረ?»

«አለ!» አላት። ፊቱ ርሷል።

«ምኑ?»

«አለ እኮ! አልሄደም!»

እኔም ከሥሩ «አልሄደም! አልሄደም!» እያልኩ ዘለልኩ። እኔ ግን አልሄደም የምለው ስለ አባቴ ነበር።

*

ነገሩን ሁሉ የነገሩኝ በዚያው ከሰዓት ነው፤ እናቴ አልጋው ላይ አስቀምጣኝ፣ አባቴ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ። ሻንጣውን ያወረደው የሥራ ቱታዎቹን ሊያስቀምጥበት ነበር። ሰኞ ጠዋት አለቃው ቢሮ ገብቶ፣ «ጆሮዬ ሄዷል፤ ከእንግዲህ አውቶቡስ ላይ አልፈርምም» ብሎ ተናግሯል።

አጎቴ ሲመጣና ሲሰማ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ነገውኑ ሂድ! ስህተት ነው በለው! ማዞሪያ ነው፣ ልጅ ነች ያዞረችው በለው!»

«ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» አለ አባቴ።

«ትሰማለህ እኮ!»

«ቤዝ እሰማለሁ።» አባቴ እጁን አየ፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት ሁሌም አይለቅም ነበር። «የዛሬ ወር አንድ አውቶቡስ ጤነኛ ነው ብዬ ፈርሜ አወጣሁ። የፊት ፍሬኑ ይፏጭ ኖሯል። ሾፌሩ በሩ ላይ ሳይደርስ ሰማው። እኔ አጠገቡ ቆሜ አልሰማሁም። ‹ሐኪሙ፣ ዛሬ እንቅልፍ አልተኛህም መሰለኝ› ብሎኝ መለሰው። ለማንም አልተናገረብኝም። ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ። ሰባ ሰው ነው የሚጭነው።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እሷም ይሄን አልሰማችም ነበር።

«በማግስቱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ፈረምኩ። ከዚያም ፈረምኩ። ገና ቤዙ አለ፣ ሞተሩን እሰማለሁ፣ እያልኩ። ቤዙ የሄደ ሲመስለኝ ነው ምክንያት ያጣሁት።» ወደ እኔ ዞረ። «እሙ ባታዞረው ኖሮ ዛሬም እዚያው ቆሜ እፈርም ነበር።»

አጎቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት አንዱን ብቻ ነው። አባቴ የሚወደውን ሥራ በእኔ ምክንያት ለቀቀ። እሱ እንዲህ ነው ያለው ብዬ ለዓመታት አምኜ ኖርኩ። እሱ ያለው ግን ሌላ እንደነበር አሁን ስጽፈው እንኳን ይታየኛል።

ከጋራዡ አላስወጡትም። መለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡት። ከመደርደሪያዎቹ መካከል፣ ስሙ በወረቀት ተጽፎ የሚመጣለትን ዕቃ እያወጣ አስራ አንድ ዓመት ሠራ። መጀመሪያ ሰሞን ከጋራዡ ሲመለስ ትከሻው ይወርድ ነበር። መንገድ ላይ «ሐኪሙ!» ብለው ሲጠሩት ዘወር የማይለው ባለመስማት ነው ወይስ ባለመፈለግ፣ አላውቅም። ቆይቶ ግን አዲሶቹ መካኒኮች ወደ ግምጃ ቤቱ እየመጡ ምልክቱን በወረቀት ይጽፉለት ጀመር፤ እሱም ከሥሩ በሽታውን ይጽፍላቸዋል። ብዙ ጊዜ ልክ ነበር።

ቤዙ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር እስኪቀረው አብሮት ቆየ። እነዚያን ቅዳሜዎች ሳስታውሳቸው፣ በቤታችን የነበረው ደስታ ሁሉ እዚያ ውስጥ የተከማቸ ይመስለኛል። ደረጃ ማውጣት ቀረ። አጎቴ ምቱን በጣቶቹ አባቴ ጉልበት ላይ ይቆጥርለታል፤ አንዳንዴ እናቴም ስፌቷን ትታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ትለጥፋለች። «ልቤን አወለቀው» ማለቱንም አልተወችም። ቤዙ የሄደ ቀን አባቴ ማንንም አልጠራም። አንድ ቅዳሜ ሸክላ ሳያስቀምጥ በረንዳው ላይ ወጥቶ ጫማውን ሲጠርግ አየነው፤ አወቅን። በሳምንቱ ካርቶኖቹን ለአጎቴ ሰጠው። «ባለ መዶሻህን አምስተኛ ያደረግሁት አላግባብ ነበር» ብሎ። አጎቴ መንገድ ላይ እያለቀሰ ተሸክሟቸው ሄደ።

እኔ አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ ሰማንያን አልፏል። በቀደም ከጡረተኞች ክበብ ላመጣው ሄጄ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀመጥን። ከልጅነቴ ጀምሮ ልጠይቀው ፈልጌ ያልደፈርኩትን በትንሽ ደብተሬ ላይ ጻፍኩለት፤ ያን ማዞሪያ ባልነካው ይሻልህ ነበር ወይ ብዬ።

መነጽሩን አውጥቶ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ያን ቅዳሜና እሁድ ለጠላቴም አልመኝም» አለ። «ግን እሙ፣ ከዚያ በፊት ሙዚቃ አልሰማም ነበር እኮ። ዓመት ሙሉ እመረምር ነበር፤ ይሄ አለ፣ ይሄ ሄደ፣ ይሄን ነገ አጣዋለሁ እያልኩ። ፍሬኑም ነበረብኝ። ከዚያች ረቡዕ በኋላ የምደብቀው የለኝም። ሦስት ዓመት ቁጭ ብዬ ሙዚቃ ሰማሁ።»

ደብተሩን መለሰልኝ። ከዚያ አጎንብሶ ከታች ወደ ላይ ፊቴን አየኝ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ይዘሽ ነው የኖርሽው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሞኝ!» አለኝ። ድምፁን መመጠን ከተወ ቆይቷል፤ በክበቡ ግቢ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ከዳማቸው ቀና ብለው አዩን። «ሞኝ ልጅ!»